የሕፃናት ዱቄትና የብረት ምርመራ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በጎጃም ልጅ ስድስት ወር ሲሞላው ከእናት ጡት በተጨማሪ ከጤፍ፣ ከአጃ፣ ከገብስና ከሽምብራ ተመጥኖ ከተፈጨ ዱቄት አጥሚት ወይም ገንፎ ይሠራለታል። በዚህ ዱቄት ውስጥ ሊገኙ ስለሚችሉት ጎጂ ብረቶች፣ ማለትም ስለ እርሳስ፣ ካድሚየምና አርሴኒክ ግን ብዙ የተዛባ ነገር ይነገራል።

«ብረት ያለበት የፋብሪካ ምርት ነው፤ ቤት የተመጠነ ንጹሕ ነው።»
ካድሚየምን ተክሉ ራሱ በሥሩ ከአፈር ይስበዋል። በሬ በሚያበራየው የአፈር አውድማ ላይ ደግሞ ደቃቁ ጤፍ ከአፈር ጋር ስለሚደባለቅ፣ በወንፊት ቢነፋም ከፍሬው ጋር የሚቀር አቧራ አይጠፋም፤ የወፍጮው ብረትም እየተበላ ወደ ዱቄቱ ይገባል።

«ብረት የበዛበት ጤፍ ለልጅ ይበጃል።»
ቋንቋችን ለደም የሚያስፈልገውንም (አይረን) ሆነ ሌላውን ሜታል ሁሉ «ብረት» ማለቱ እዚህ ላይ ያሳስታል። በደም የሚፈለገው ብረት ከፍ ብሎ ሲለካ በአፈር ውስጥ በብዛት የሚገኘው አሉሚኒየምም አብሮ ከፍ ካለ፣ የተለካው በአብዛኛው የአውድማ አፈር ነው፤ ከዚህ ውስጥ የልጁ አካል የሚጠቀምበት ጥቂቱን ብቻ ነው።

«በደንብ ከተንተከተከ ይጠፋል።»
እሳት ተሕዋስያንን ይገድላል፤ እርሳስ ግን በመፍላት አይጠፋም።

«ላቦራቶሪው ‹አልተገኘም› ካለ የለም ማለት ነው።»
ከሁሉ የሚከፋው ስሕተት ይህ ነው። ግማሽ ግራም ዱቄት በናይትሪክ አሲድ ሟሙቶ በውሃ 50 ሚሊሊትር ይደረጋል እንበል። የአውሮፓ ኅብረት ለሕፃናት የእህል ምግብ የፈቀደው የእርሳስ ጣሪያ በኪሎ 0.02 ሚሊግራም ሲሆን፣ ይህ መጠን በፈሳሹ ውስጥ በሊትር 0.2 ማይክሮግራም ብቻ ይሆናል። በነበልባል የሚሠራው የአቶሚክ አብሶርፕሽን መሣሪያ (ብረትን በሚውጠው ብርሃን መጠን የሚለካ) እርሳስን መለየት የሚጀምረው በሊትር 10 ማይክሮግራም ገደማ ሲደርስ ነውና፣ ከጣሪያው ሃምሳ እጥፍ የሚጠጋ እርሳስ ያለበት ዱቄት እንኳ «አልተገኘም» ተብሎ ሊመለስ ይችላል። ለዚህ ሥራ እጅግ ጥቂት መጠን የሚለይ፣ የግራፋይት ምድጃ ያለው መሣሪያ ወይም አይሲፒ ማስ ስፔክትሮሜትር ያስፈልጋል። ስለዚህ ውጤት ሲሰጣችሁ መሣሪያው ሊለየው የሚችለውን ዝቅተኛ መጠን ጠይቁ፤ ያ ቁጥር ያልተጻፈበትን ወረቀት እኔ በበኩሌ አላምንም።

«ከጣሪያው በታች ከሆነ ምንም አይጎዳም።»
የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) እና የዓለም ጤና ድርጅት የጋራ ባለሙያዎች ኮሚቴ ለእርሳስ አስቀምጦት የነበረውን ሳምንታዊ የመቻያ መጠን፣ ማለትም በሳምንት ቢወሰድ አይጎዳም ያለውን መጠን፣ ከጉዳት የሚጠብቅ ሆኖ ስላላገኘው እ.ኤ.አ. በ2010 አንሥቶታል።

«መሣሪያው ጥሩ ከሆነ ናሙናው ግድ የለም።»
ከጆንያ አፍ የተዘገነ አንድ እፍኝ ጆንያውን አይወክልም፤ ከላይ፣ ከመካከልና ከሥር ተወስዶ መደባለቅ አለበት። ዕቃው በአሲድ ካልታጠበ፣ ዱቄት የሌለበት ባዶ ናሙናም አብሮ ካልተለካ፣ የተገኘው እርሳስ የዱቄቱ ይሁን የብርጭቆው አይለይም።