የፊት መብራት ሪሌ፦ የአሮጌ መኪና ሥራ በጎጃም መንገድ

ሪሌ በትንሽ ኃይል ታዝዞ ትልቁን ኃይል የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ ነው። የፊት መብራት ሪሌ መግጠም ማለት ወደ አምፖሎቹ የሚሄደውን ኃይል ከዳሽቦርዱ ማብሪያ ነጥሎ ከባትሪው በወፍራም ሽቦ ማድረስ ነው። ማብሪያው ከዚያ ወዲያ የመብራቱን ጭነት አይሸከምም፤ ሪሌውን ብቻ ያዛል። ሞተር ከማውረድ ጋር ሲተያይ ኢምንት ሥራ ነው። ከደጀን ባሕር ዳር ሌሊት ለሚነዳ ሰው ግን ያን ያህል የሚታይ ለውጥ የሚያመጣ ሥራ ጥቂት ነው።

ቮልስዋገን ቢትል፣ ላንድሮቨር፣ አሮጌ ላንድክሩዘርና ኮሮላ በኢትዮጵያ ዛሬም ይሠራሉ፤ ምክንያቱም ፍቅር ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። ያለውን አድሶ መንዳት ግድ ሆነ።

መንገዱም መብራት ይጠይቃል። ከጎሐ ጽዮን ተነስቶ ዓባይን ተሻግሮ ደጀን መድረስ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ጠመዝማዛ ነው፤ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዱና መልሰው ይወጡታል። ከዚያ ወዲህ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ እንጅባራ፣ ዳንግላ እያለ ይቀጥላል። ክረምት ላይ በእንጅባራ በኩል ጉም ይወርዳል፤ በገበያ ቀን ደግሞ ጎህ ሳይቀድ ጭነት ያዘለ አህያ የአስፋልቱን ጠርዝ ይዞ ይሄዳል። አህያ የኋላ መብራት የላትም።

መብራት ሲደክም ሰው የሚቀይረው አምፖሉን ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል እንዲህ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የሽቦው ነው። በአሮጌ መኪና ኃይሉ ከባትሪ ይነሳል፣ ማብሪያው ዘንድ ይሄዳል፣ ረጅምና አጭር መብራት ወደሚለውጠው ቁልፍ ይወርዳል (በቢትልና በላንድሮቨር ዘመን ይህ ቁልፍ ብዙ ጊዜ በእግር የሚረገጥ ነበር)፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ ፊት ይመጣል። ሁለት ባለ60 ዋት አምፖሎች በ12 ቮልት 10 አምፔር ይስባሉ። ይህን 10 አምፔር ውፍረቱ 1 ካሬ ሚሊ ሜትር በሆነ ሽቦ 5 ሜትር ብናስኬደው ሽቦው ብቻውን 0.9 ቮልት ገደማ ይበላል። የተቃጠለ የማብሪያ ጥርስና የዛገ መገናኛ ሲጨመርበት ኪሳራው ከሁለት ቮልት ሊያልፍ ይችላል።

ሁለት ቮልት ጥቂት ይመስላል። አይደለም። ቮልቱ በ10 በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ በ30 በመቶ ገደማ ይወርዳል። በ13.2 ቮልት ሲለካ በአጭር መብራቱ 1,000 ሉመን (የብርሃን መለኪያ ነው) የሚሰጥ ኤች 4 የሚባል ረጅሙንም አጭሩንም የያዘ አምፖል 11.7 ቮልት ብቻ ሲደርሰው ወደ 660 ይወርዳል። ሲሶው ብርሃን መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። ይህን በቴስተር ማረጋገጥ ቀላል ነው፦ ሞተሩ እየሠራ፣ መብራቱ በርቶ፣ መጀመሪያ ባትሪው ላይ ቀጥሎ አምፖሉ ጀርባ ላይ ይለካል። ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት ካለፈ ሪሌ ያስፈልጋል።

የሪሌው እግሮች ቁጥር አላቸው። 30 ከባትሪ በፊውዝ በኩል የሚመጣው ነው፤ 87 ወደ አምፖል ይሄዳል፤ 85 እና 86 የውስጡን ጥቅል ሽቦ ያስነሳሉ። ጥቅሉ የሚፈልገው ከ0.2 አምፔር አይበልጥም፤ ያረጀው ማብሪያ የሚያርፈውም ለዚህ ነው። ለረጅሙ አንድ፣ ለአጭሩ አንድ፣ ሁለት ሪሌ ይገጠማል። ሽቦው 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ቢሆን ይበቃል። ፊውዙ ከባትሪው አጠገብ ይሁን፤ ለሁለቱም አንድ ፊውዝ ማድረግ ግን ስስት ነው፤ ዓባይ ቁልቁለት መሃል ሲቃጠል ረጅሙም አጭሩም አብረው ይጠፋሉ። ሪሌው እግሩን ወደ ታች አድርጎ ይታሰር፣ የክረምት ውኃ እንዳያቁርበት።

ከሁሉ የሚረሳው ማሳው ነው። የጤፉን ማሳ ማለቴ አይደለም፤ መካኒኮች ማሳ የሚሉት ኃይሉ በመኪናው አካል በኩል ወደ ባትሪ የሚመለስበትን መስመር ነው። ቀለምና ዝገት ላይ የታሰረ ማሳ አዲሱን ወፍራም ሽቦ ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል። አካሉ አሉሚኒየም በሆነው ላንድሮቨር ላይ ችግሩ ይብሳል፤ እዚያ ከአምፖሉ እስከ ባትሪ የራሱን የማሳ ሽቦ መዘርጋት ይሻላል።

አንዱ ዘዴ ለሁሉም መኪና አይሆንም። በብዙ ቶዮታዎች ማብሪያው የሚቆጣጠረው ፖዘቲቩን ሳይሆን ማሳውን ነው፤ ይህን ሳያውቅ የጀመረ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲፈታና ሲያስር ይውላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የሪሌውን ጥቅል በአሮጌው የአምፖል ሶኬት ላይ በአምፖሉ ምትክ ማገናኘት። አምፖሉን ያበራው የነበረው ኃይል አሁን ሪሌውን ያስነሳዋል። ቀደምት ቢትሎች ባለ6 ቮልት ስለሆኑ ባለ6 ቮልት ሪሌ ይፈልጋሉ፤ እዚያ አንድ ቮልት መጥፋት እጥፍ ይጎዳል። የድሮ እንግሊዝ ሠራሽ መኪኖች ደግሞ ማሳቸው ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል፤ በውስጡ ዳዮድ (ኃይል በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) ያለበት ሪሌ ከተገዛ 85 እና 86 እንዳይዞሩ መጠንቀቅ ነው።

ሪሌ የማያድነውም አለ። ውስጡ የጠቆረና የዛገ አንጸባራቂ በ13 ቮልትም አያበራም። ባትሪ የሚሞላው የጥንቱ ዲናሞ ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ ስለማይሞላ፣ ዳገት ላይ ከቆመ ከባድ መኪና ኋላ ወረፋ ሲያዝ መብራቱ በባትሪው ላይ ብቻ ይኖራል። በዚህ ላይ ባለ100 ዋት አምፖል መጨመር ለእኔ ጥበብ አይደለም። ደግሞም ብርሃኑ ሲጠነክር አቅጣጫው ካልተስተካከለ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ያሳውራል።

መለዋወጫ ሪሌ መያዝ ወጪው ትንሽ ነው። እሱም ከሌለ የሞተውን ሪሌ ነቅሎ በሶኬቱ 30 እና 87 ቀዳዳዎች ላይ ቁራጭ ወፍራም ሽቦ መሰካት ይቻላል፤ ፊውዙ እንዳለ ነውና ደጀን ያደርሳል። መብራቱ በማብሪያ አይጠፋምና መኪናው ሲቆም ሽቦውን መንቀል እንዳይረሳ።