የጸሎት መጽሐፍ አሠራርና ጥረዛ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በአራት ኪሎና በፒያሳ መካከል የጥረዛ ሥራ ለሚሠራ ሰው የካቶሊክ ጸሎት መጽሐፍ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ አይጠፋም። አንዱ ለልጁ የመጀመሪያ ቁርባን ስጦታ ይፈልጋል። ሌላው ለአዲስ ካህን ያዘጋጃል። ከእናታቸው የወረሱትን ውዳሴ ማርያምና የመቁጠሪያ ጸሎት በአንድ ላይ እንዲሰፋላቸው የሚያመጡ እናቶችም አሉ። ሁሉም ንግግራቸውን የሚጀምሩት ከሽፋኑ ነው፤ ቀለሙ ምን ይሁን፣ መስቀሉ ወርቅማ ይሁን ወይስ ይቅር። እኔ መጽሐፉን ተቀብዬ መጀመሪያ የማየው ጀርባውን፣ ቅጠሎቹ የተያያዙበትን ጎን ነው። ጭቅጭቃችን የሚነሣውም እዚሁ ላይ ስለሆነ፣ ደጋግሜ ለምሰማቸው ነገሮች መልሴን እንዲህ ጽፌዋለሁ።

«ያማረ የካቶሊክ ጸሎት መጽሐፍ የፈረንጅ ሥራ ነው»

ይህን የሚሉት ብዙዎቹ ከአውሮፓ የመጣ ባለ ወርቅ ጠርዝ መጽሐፍ አይተው ነው። ነገር ግን የአዲስ አበባው ካቶሊክ ሀገረ ስብከት የሚቀድሰው በግእዝ ሥርዓት ነው፤ የግእዝ መጽሐፍ ደግሞ የራሱ የጥረዛ ጥበብ አለው። ብራናው ታጥፎ በጥራዝ በጥራዝ፣ ማለትም አንዱ በአንዱ ውስጥ በገቡ ጥቂት ቅጠሎች፣ ይደራጃል። ጥራዞቹ እርስ በርሳቸው በክር ይያያዛሉ። ያው ክር ሽፋን በሚሆነው የእንጨት ገበታ ጠርዝ ላይ በተበሳው ቀዳዳ ያልፍና ገበታውን ከጥራዙ ጋር ያስራል። በጀርባው ላይ ሙጫ አይቀባም፤ በዚህ የተነሣ መጽሐፉ ሲከፈት ያለ ትግል ይዘረጋል። በላዩ ላይ ቆዳ ይለበጣል፣ ደጓሹም በጋለ ብረት መስቀልና ሐረግ ያትምበታል፤ ወርቅ የለውም። ሥራውን በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ሰው ሩቅ መሄድ የለበትም። ስድስት ኪሎ፣ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የብራና መጻሕፍት ስብስብ አለው።

በማተሚያ የታተመው የመጀመሪያው የግእዝ መጽሐፍም የጸሎት መጽሐፍ ነው። ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን ሮም ውስጥ የኢትዮጵያ መነኮሳትን ዜማ ሰምቶ ቋንቋውን ከእነርሱ ተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ ፊደል አሳተመ። ከዚያም የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ ተስፋ ጽዮን፣ በቫቲካን ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለው በቅዱስ እስጢፋኖስ የኢትዮጵያውያን ገዳም ተቀምጠው፣ እ.ኤ.አ. በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን አሳተሙ። በነገራችን ላይ፣ ፈረንጅ የሚያሰኘው በቆዳ ላይ የሚታተም ወርቅም ወደ ጣሊያን የገባው በ15ኛው መቶ ዘመን ከእስላሙ ዓለም ባለ እጆች ነው።

«በሙጫ ከተጣበቀ በቂ ነው፤ ስፌት የድሮ ሰው ሥራ ነው»

ብዙ የማልስማማው በዚህ ነው። አሁን በርካሽ የሚወጡት መጻሕፍት የጥራዞቻቸው ጀርባ ተቆርጦ፣ እያንዳንዱ ቅጠል ለብቻው ቀርቶ፣ በጋለ ሙጫ ከሽፋኑ ጋር የተጣበቁ ናቸው። ለልብ ወለድ ይህ አይከፋም፤ አንዴ ተነብቦ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። የጸሎት መጽሐፍ ግን በየዕለቱ ይከፈታል፣ ያውም ሁልጊዜ በዚያው ቦታ። ውዳሴ ማርያም በሰባቱ ዕለታት የተከፈለ ስለሆነ፣ የሰኞው ገጽ በየሰኞው ይዘረጋል። ሙጫው በዓመታት ብዛት ይደርቃል፣ አንድ ቀን በዚያ በለመደው ቦታ ይሰነጠቃል። ከዚያ በኋላ ቅጠሎቹ አንድ በአንድ መውደቅ ይጀምራሉ። በቅዳሴ መካከል ወለል ላይ ወረቀት የሚለቅም ሰው ካያችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው።

የተሰፋ መጽሐፍ እንዲህ አያደርግም። ቅጠሎቹ ታጥፈው አንዱ በአንዱ ውስጥ ገብተው ጥራዝ ይሆናሉ፤ ክሩ የሚያልፈው በእጥፋቱ መሐል ነው። ወረቀቱ ራሱ ካልተቀደደ በቀር አንዲት ቅጠል ብቻዋን ልትወጣ አትችልም። አሠራሩ ይህን ይመስላል፤ የተልባ ክር በሰም ይታሻል፣ እጥፋቱ በወስፌ ይበሳል፣ መርፌው ከጥራዙ መሐል ወደ ጀርባ ይወጣል። ከታች ካለው ጥራዝ ስፌት ሥር ሾልኮ ይመለስና እንደገና ይገባል። በጀርባው ላይ ሰንሰለት የመሰለ መስመር እየተሠራ ይሄዳል። ልምድ የሚጠይቀው ክሩን መሳብ ነው። የሚሳበው በእጥፋቱ ርዝመት አቅጣጫ ነው፤ ቀጥ ብሎ ወደሚሰፋው ሰው ከተሳበ እጥፋቱን እንደ ቢላዋ ይቀደዋል። ከላላ ደግሞ ጥራዞቹ ይዋልላሉ፣ መጽሐፉም በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ አንድ ጎን ያዘምማል።

ሲገዙ እንዴት ይለያል? መጽሐፉን ዘግታችሁ የጀርባውን ራስ ከላይ ተመልከቱ። ትንንሽ እጥፋቶች ተደርድረው ከታዩ ጥሩ ምልክት ነው፤ የተቆረጠ ልሙጥ ወረቀት ከሆነ ሙጫ ብቻ ነው። ነገር ግን በጀርባው ራስ ላይ የተለጠፈችው ባለ ቀለም ጉንጉን አታታልላችሁ። ዱሮ በእጅ ትጎነጎን ነበር፣ አሁን በሜትር ትሸጣለች፤ ስፌት ለሌለው መጽሐፍም ትለጠፋለች። ቁርጡን የሚነግራችሁ ክሩ ነው። መጽሐፉን እየገለጣችሁ የአንዱን ጥራዝ መሐል ፈልጉ፤ ክር ካለ እዚያ ይታያል።

አንዲት እናት ሽፋን ሊያስለውጡ መጥተው «እማማ፣ ሽፋኑ ይቆይ፤ መጀመሪያ ይሰፋ» ስላቸው፣ «ልጄ፣ ሰው የሚያየው ሽፋኑን አይደል?» አሉኝ። ሰው የሚያየውስ እርሱን ነው። የሚጸልዩበት ግን እርሳቸው ናቸው።

«ቀጭን ወረቀት የርካሽ መጽሐፍ ምልክት ነው»

ተቃራኒው ነው። ቀጭን ሆኖ የማይቀደድ፣ ከጀርባው ያለውን ጽሑፍም የማያሳልፍ ወረቀት መሥራት ከባድ ነው፤ ዋጋውም ከተራው ይበልጣል። ሒሳቡን እንየው። 800 ገጽ ማለት 400 ቅጠል ነው። በየቢሮው ያለው ባለ 80 ግራም የፎቶ ኮፒ ወረቀት ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ መጽሐፉ ያለ ሽፋኑ 4 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ባለ 40 ግራም ወረቀት ይህን ወደ ግማሽ ያወርደዋል። መጽሐፉ በአንድ እጅ ተይዞ፣ በሌላው እጅ መቁጠሪያ የሚቆጠርበት ከሆነ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

ከውፍረቱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የወረቀቱ አቅጣጫ ነው። በፋብሪካ የተሠራ ወረቀት ጭረቶቹ የተኙበት አቅጣጫ አለው፤ እርጥበት ሲያገኘው የሚለጠጠው በዚያ አቅጣጫ ሳይሆን በወርዱ ነው። አቅጣጫው ከመጽሐፉ ጀርባ ጋር ትይዩ መሆን አለበት። ካልሆነ ገጹ በግድ ይገለጣል፣ ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ጀርባው አካባቢ ይጨማደዳል። ከአታሚው ጋር ስትነጋገሩ ከሽፋኑ ቀለም በፊት ይህን ጠይቁ።

«ቆዳ ከተባለ ቆዳ ነው»

ቆዳ ብዙ ዓይነት ነው። በኬሚካል፣ በክሮም የለፋ ቆዳ ለጫማ ጥሩ ነው፤ በብረት የታተመበትን ቅርጽ ግን በደንብ አይዝም። ከዛፍ ቅርፊትና ከመሳሰለው በተገኘ ማልፊያ የለፋው ነው ረጠብ ሲል የጋለውን መሣሪያ ተቀብሎ መስቀሉን ለዘመናት የሚይዘው። የበግ ቆዳ ለእጅ ይለሰልሳል፣ ነገር ግን ላዩ ከሥሩ ይላቀቃል። የፍየል ጠንካራ ነው፤ የባቲ የፍየል ቆዳ በዓለም ገበያ በስሙ ይታወቃል፣ እኛ ግን ጥሩ ሽፋን ሲባል ከውጭ የመጣ እንፈልጋለን። ይህ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ከሁሉ የከፋው «እውነተኛ ቆዳ» ተብሎ የሚሸጠው የተፈጨ የቆዳ ቁርጥራጭ ነው። በማጣበቂያ ተጋግሮ፣ በላዩ ላይ የቆዳ መስመር ታትሞበት የሚወጣ ነው። ማጠፊያው ላይ ይላጣል። በጠረኑ አትለዩት፤ ጠረንም ይጨመርበታል። የሽፋኑን ጠርዝ፣ ወደ ውስጥ የታጠፈበትን ቦታ ተመልከቱ። ጥሩ ጠራዥ እዚያ ላይ ቆዳውን በቢላዋ አሳስቶ ያጥፈዋል፤ የቆዳው ጭረትም ይታያል።

«የወርቅ ጠርዝ ለጌጥ ብቻ ነው»

ጌጥ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ሥራም አለው፤ ቅጠሎቹ ተጨብጠው በወርቅ ከታሸጉ አቧራና እርጥበት በቀላሉ አይገባቸውም። የእጅ ሥራው ሲሆን መጽሐፉ በመጭመቂያ ይጨመቃል፣ ጠርዙ ተፍቆ ይለሰልሳል፣ በእንቁላል ነጭ ይቀባል፣ የወርቁ ቅጠል ይነጠፍና በለስላሳ ድንጋይ ይወለወላል። የወርቁ ቅጠል ውፍረት ከአንድ ሚሊ ሜትር አሥር ሺሕኛ ያህል ነው፣ ትንፋሽ ያነሣዋል። አንዳንዶች ከወርቁ በፊት ጠርዙን ቀይ ይቀቡታል፤ መጽሐፉ ሲዘረጋ ቀዩ ብቅ ይላል። በገበያ የምናየው አብዛኛው ግን በሙቀት የተጫነ ፎይል፣ ወርቅ መሰል ስስ ልባጥ ነው። ፎይል መሆኑ ነውር አይደለም፤ እንደ ወርቅ ማስከፈል ግን ነውር ነው።

«ቀይ ጽሑፉ ለማሳመር ነው፤ ፎቶ ኮፒ ብናደርገው ምን ይጎድላል?»

ብዙ ይጎድላል። በቅዳሴና በሰዓታት መጻሕፍት ውስጥ ጥቁሩ የሚባለው፣ ቀዩ የሚደረገው ነው፤ መቼ እንደሚነሣ፣ መቼ እንደሚሰገድ፣ ማን እንደሚመልስ የሚናገረው ቀዩ ነው። በእኛ የብራና ልማድ ደግሞ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም፣ የምዕራፉም መጀመሪያ በቀይ ይጻፋል። ጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ ይህን ሁሉ ግራጫ ያደርገዋል። መልስ የሚሰጠው ሕዝብና ትእዛዙን የሚያነበው ካህን አንድ መስመር ላይ ይደባለቃሉ። ከዚህም ሌላ፣ ነጠላ ነጠላ የኮፒ ቅጠል እጥፋት ስለሌለው በወጉ አይሰፋም። በሁለት ቀለም፣ ታጥፎ ጥራዝ በሚሆን አደራደር ታትሞ ይምጣልን።

«ጸሎት ስለሆነ ማንም አሳትሞ ማደል ይችላል»

አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው፣ የግእዝ ሥርዓት ካቶሊኮችም የሚመሩበት የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ቀኖና ሕግ፣ በቁጥር 656፣ ለምእመናን የጋራም ሆነ የግል ጸሎት የሚዘጋጅ መጽሐፍ የቤተ ክርስቲያን ፈቃድ እንዲኖረው ያዛል። አስቀድሞ የተፈቀደን መጽሐፍ እንደገና ማስጠረዝ ግን ፈቃድ አይጠይቅም፤ ይህን የሚጠይቁኝ ሰዎች ይረፉ። ፈቃዱም ስለ ይዘቱ ነው። ሙጫው ደካማ የሆነውን መጽሐፍ ጳጳሱ ስለፈቀዱት አይጠነክርም።

«የተቀደደውን በፕላስተር ማጣበቅ ያድነዋል»

ያረጀ መጽሐፍ የተባረከ ከሆነ ከቆሻሻ ጋር አይጣልም። የማይጠገን ሲሆን ይቃጠላል ወይም ይቀበራል። አብዛኛው ግን የሚጠገን ነው፣ ፕላስተር ካልደረሰበት። የግልጽ ፕላስተር ሙጫ በዓመታት ቢጫ ይሆናል፣ ወደ ወረቀቱ ይሰርጋል፣ ፊደሉንም ይዞ ይነሣል። የወደቀውን ቅጠል በንጹሕ ወረቀት ጠቅልላችሁ በቦታው አስቀምጡት፤ ለጠራዡም እንዲሁ ስጡት። ፕላስተር የተለጠፈበትን መጽሐፍ ስቀበል የማስከፍለው ለስፌቱ ከማስከፍለው ይበልጣል፤ ደንበኛው ዋጋውን ሰምቶ ቢቆጣም ሒሳቡ ያው ነው።