የእንግሊዝ ሃይ ስትሪት በሱፐርማርኬት ዘመን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ሃይ ስትሪት የሚባለው በእንግሊዝ ከተሞች መሃል የሚያልፈው ዋናው የሱቆች ጎዳና ነው። ሥጋ ቤቱ፣ ዳቦ ቤቱ፣ ባንኩ፣ ፖስታ ቤቱና ጫማ አዳሹ ጎን ለጎን የሚገኙበት። ዛሬ በብዙ ከተሞች እዚያው ጎዳና ላይ የተዘጋ በርና «ይከራያል» የሚል ማስታወቂያ ይበዛል። ምን ነካው ብለው ቢጠይቁ መልሱ አንድ ነው፤ ሱፐርማርኬት። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ኢንተርኔት ተጨምሮበታል። ሁለቱም ከደሙ ንጹሕ አይደሉም። ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ እነሱ ላይ መጫን አከራዮችን፣ አበዳሪዎችንና ሕግ አውጪዎችን በነጻ ማሰናበት ይሆናል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

«ሱፐርማርኬት ከውጭ መጥቶ ጎዳናውን ወረረው»

ከውጭ አልመጣም፤ እዚያው ተወልዶ ያደገ ነው። ዛሬ ግዙፍ የሆነው ሴንስበሪ በ1869 ለንደን ድሩሪ ሌን ላይ የተከፈተ አንድ ትንሽ ሱቅ ነበር። ማርክስ ኤንድ ስፔንሰር የጀመረው በ1884 ሲሆን፣ ማይክል ማርክስ የተባለ ስደተኛ በሊድስ ገበያ ውስጥ ዕቃውን በአንድ ፔኒ የሚሸጥበት መደብ ነበር። የሞሪሰንስ መነሻ በ1899 ብራድፎርድ ገበያ ላይ የተከፈተ የዕንቁላልና የቅቤ መደብ ነው። ቴስኮም ቢሆን ጃክ ኮኸን ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተመልሶ በ1919 በምሥራቅ ለንደን ሃክኒ ውስጥ ከዘረጋው ጉልት የመጣ ነው።

ታዲያ እነዚህ ሲያድጉ ጎረቤቶቻቸው ለምን ቀሩ? አንዱ ምክንያት ዋጋ ነው። እስከ 1960ዎቹ ድረስ የብዙ ሸቀጦችን የችርቻሮ ዋጋ የሚቆርጠው አምራቹ ስለነበር፣ ትልቁም ትንሹም ሱቅ በእኩል ይሸጥ ነበር። በ1964 ኤድዋርድ ሂዝ የንግድ ሚኒስትር ሳሉ፣ የገዛ ፓርቲያቸው ሰዎች አምርረው እየተቃወሟቸው፣ ይህን አሠራር የሚያስቀር ሕግ አወጡ። ከዚያ በኋላ በብዛት የሚገዛ በርካሽ መሸጥ ቻለ። ሸማቹ ተጠቀመ፤ በትርፍ ኅዳግ ብቻ ይኖር የነበረው ትንሽ ባለሱቅ ግን መጠለያው ተነሣበት።

ሁለተኛውና የሚብሰው ምክንያት ቦታ ነው። በ1980ዎቹ መንግሥት ከከተማ ዳርቻ፣ በቀለበት መንገዶች አጠገብ፣ ሰፋፊ የገበያ ማዕከላት እንዲሠሩ በሩን ከፈተ። የጌትስሄዱ ሜትሮሴንተር በ1986፣ የሼፊልዱ ሜዶውሆል ደግሞ በ1990 ተከፈተ፤ ሜዶውሆል የቆመው ቀድሞ የብረት ፋብሪካ በነበረበት መሬት ላይ ነው። መንግሥት የነቃው ዘግይቶ ነው። በ1996 ፖሊሲው ጠብቆ፣ ከከተማ ውጭ መሥራት የሚፈልግ ሁሉ መጀመሪያ መሃል ከተማ ላይ ቦታ እንዳጣ እንዲያሳይ ተደረገ። ፈቃዱን ቀደም ብሎ የያዘው ብሉወተር የተባለው ማዕከል ግን በ1999 ኬንት ውስጥ በሩን ከፈተ። እንግዲህ ጎዳናው የተዳከመው ሰው ስለጠላው ሳይሆን፣ በቂ የመኪና ማቆሚያ ያለው ተፎካካሪ ከከተማ ውጭ እንዲቆም ስለተፈቀደለት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የዳርቻው መንገድ ከመጥበቡም በፊት ግዙፎቹ ወደ ተወለዱበት ጎዳና መመለስ ጀምረው ነበር። ቴስኮ ሜትሮና ኤክስፕረስ ከተባሉት አነስተኛ ሱቆቹ ሜትሮን በ1992፣ ኤክስፕረስን በ1994 ጀመረ፤ ሴንስበሪም ሎካል በሚለው ተከተለው። እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። የ1994ቱ የእሁድ ንግድ ሕግ በእንግሊዝና በዌልስ ከ280 ካሬ ሜትር በላይ የሆነ ሱቅ እሁድ በጠቅላላው ከስድስት ሰዓታት በላይ እንዳይነግድ ሲከለክል፣ ከዚያ ያነሰውን ግን ለቀቀው። የሰፈር ሱቆችን የሚጠቅም ይመስል ነበር። ግዙፎቹ ግን ሜትራቸውን አውጥተው ለኩ፤ ብዙዎቹ የኤክስፕረስና የሎካል ሱቆች ከ280 ካሬ ሜትር በታች የሆኑት በአጋጣሚ አይደለም። ትልቁ ሱቅ ራሱ እያረጀ መምጣቱንም መርሳት አያስፈልግም። አልዲና ሊድል የተባሉት ርካሽ ሱፐርማርኬቶች ከሥር በዋጋ፣ ኢንተርኔት ከላይ ሲይዙት፣ ቴስኮ በጥር 2015 ሊሠራቸው ያቀዳቸውን 49 ትልልቅ ሱቆች ሰረዘ።

«ሱፐርማርኬት በተከፈተበት ሁሉ ትንሹ ሱቅ ይዘጋል»

የት ተከፈተ? ጎረቤቱስ ምን ይሸጣል? ይህን ሳይጠይቁ መልስ የለም። ከከተማ ውጭ የቆመ ሱፐርማርኬት ደንበኛውን ከመኪናው ተቀብሎ ወደ መኪናው ይሸኘዋል፤ ጎዳናው አንድም እግር አያገኝም። መሃል ከተማ የተከፈተ ከሆነ ግን ወተት ሊገዛ የወጣ ሰው ጫማውን ያሳድሳል፣ መድኃኒቱን ይወስዳል፣ ቡናውን ጠጥቶ ይመለሳል። የበሩ አቅጣጫ እንኳ ልዩነት ያመጣል፤ ፊቱን ለጎዳናው የሰጠና ጀርባውን የሰጠ ሱፐርማርኬት ለጎረቤት የሚተርፉት ነገር አንድ አይደለም።

ማንም አይጎዳም ማለት ግን አይደለም። ያንኑ ሸቀጥ የሚሸጡት አትክልት ቤት፣ ሥጋ ቤትና ዓሣ ቤት ይጎዳሉ። ፀጉር ቤቱ፣ ካፌውና ልብስ አስተካካዩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይጠቀማሉ። ሱፐርማርኬት የሚረክሰው ብዙ ስለሚገዛ ብቻ ነው የሚባለውም ግማሽ እውነት ነው። በአቅራቢዎቹ ላይ ያለው ጉልበት ሌላው ግማሽ ነው። ለዚህ ሲባል በ2013 የግዙፎቹን ግዢ የሚከታተል የግሮሰሪ ሕግ ዳኛ ተሾመ፤ በ2016ም ቴስኮ የራሱን የገንዘብ አቋም ለማሳመር የአቅራቢዎችን ክፍያ ሆን ብሎ ያዘገይ እንደነበር ዳኛዋ በይፋ አስታወቁ። የሰፈር ባለሱቅ እንዲህ ያለ ብድር ከማንም አያገኝም።

«ባዶ ሱቅ ከበዛ ኪራይ መውረዱ አይቀርም»

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ነገሩ ሲሰሙት ትክክል ይመስላል፤ ተከራይ ከጠፋ አከራይ ይቀንሳል። ቲማቲም ቢሆን እውነት ነበር። የንግድ ቤት ግን የሚከራይ ቦታ ብቻ ሳይሆን የብድር መያዣም ነው። የሕንፃው ግምት የሚሰላው ከሚያስገባው ኪራይ ነው። ባለቤቱ ብዙ ጊዜ ከተማዋን አይቷት የማያውቅ የጡረታ ፈንድ ወይም የኢንቨስትመንት ድርጅት ነው። በዓመት 40 ሺህ ፓውንድ ያወጣል ተብሎ የተገመተውን ቤት በ25 ሺህ ቢያከራይ፣ የሕንፃው ዋጋ በወረቀት ላይ ይወርዳል፤ በዚያ ዋጋ ላይ ብድር ካለበት አበዳሪው ይጠይቀዋል። ይባስ ብሎ በዚያው ሰልፍ ያሉት ሌሎች ተከራዮች «ለእኛም ቀንሱልን» ይላሉ።

ስለዚህ ባዶ መያዝ ይሻለዋል። ባዶ ቤት ከ3 ወር በኋላ እንደ ሌላው ግብር ቢጣልበትም እንኳ። ብዙ አከራዮች ኪራይ ከመቀነስ ይልቅ የመጀመሪያዎቹን ወራት በነጻ የሚሰጡትም ለዚህ ነው፤ ውሉ ላይ የተጻፈው ቁጥር አይነካማ።

በዚህ ላይ ብዙው የእንግሊዝ የንግድ ቤት ውል አንድ ክፉ አንቀጽ አለው። በየአምስት ዓመቱ ኪራዩ ይታያል፤ ሲታይ ግን ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አይሄድም። ገበያው በግማሽ ቢወድቅ ተከራዩ በጥጋቡ ዘመን የፈረመውን ይከፍላል። መንግሥት ይህን አንቀጽ በአዳዲስ ውሎች ላይ ለማገድ ሐሳብ ያቀረበው በ2025 ነው። ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ከታኅሣሥ 2024 ጀምሮ፣ የእንግሊዝ ካውንስሎች (የአካባቢ አስተዳደሮች) ከአንድ ዓመት በላይ ባዶ የቆየን ሱቅ ባለቤቱ ባይፈቅድም ከ1 እስከ 5 ዓመት ለሚደርስ ጊዜ በጨረታ የማከራየት ሥልጣን አግኝተዋል። በእኔ ግምት ላለፉት ሃያ ዓመታት ለሃይ ስትሪት ከወጡት ሕጎች ሁሉ ነገሩን ከሥሩ የነካው ይህ ነው፤ ጥያቄው ካውንስሎቹ ሥልጣኑን የሚጠቀሙበት ሠራተኛና ገንዘብ አላቸው ወይ የሚለው ነው።

«ትንሹን ሱቅ የሚያጠፋው ግብር ነው»

ቢዝነስ ሬት የሚባለው ግብር በትርፍ ላይ የሚጣል የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይደለም። የሚሰላው ቤቱ በዓመት ሊከራይ ይችላል ከተባለበት ግምት ነው። አትራፊውም ከሳሪውም እኩል ይከፍላል። በ2024/25 ለትናንሽ ንግዶች ስሌቱ በአንድ ፓውንድ ግምት 49.9 ፔኒ ነበር፤ ግምቱ 20,000 ፓውንድ የሆነ ሱቅ ልዩ ልዩ ቅናሾች ከመታሰባቸው በፊት 9,980 ፓውንድ ይደርስበታል።

ነገር ግን በእንግሊዝ አንድ ሱቅ ብቻ ያለው ነጋዴ የቤቱ ግምት ከ12,000 ፓውንድ ካልበለጠ ምንም አይከፍልም፤ እስከ 15,000 ድረስም ቅናሽ አለው። የጓሮ ጎዳናዋ ትንሽ ሱቅ በዚህ ግብር አትሞትም። የሚጎዳው ዋናው ጎዳና ላይ ያለው መካከለኛ ሱቅ ነው፤ ለግዙፍ ትንሽ፣ ለትንሽ ግዙፍ የሆነው።

የግምቱ ጊዜም ራሱን የቻለ በደል ነበር። የ2010ሩ ግምት የተመሠረተው ከፋይናንስ ቀውሱ በፊት፣ በሚያዝያ 2008 በነበረው የኪራይ ዋጋ ላይ ነው። በ2015 መታደስ ሲገባው ወደ 2017 ተገፋ። ኪራይ ያሽቆለቆለባቸው የሰሜን ከተሞች እስከዚያ ድረስ በሌለ ብልጽግና ሲገብሩ፣ ኪራይ የናረበት የለንደን መሃል በአሮጌው ግምት ተንፈላሰሰ።

«ስመ ጥሮቹን መደብሮች የጣላቸው ኢንተርኔት ነው»

ዉልዎርዝስ በ1909 ሊቨርፑል ላይ ጀምሮ በጥር 2009 የመጨረሻ በሩን ሲዘጋ 807 ሱቆችና 27,000 ያህል ሠራተኞች ነበሩት። በዚያ ጊዜ የኢንተርኔት ገበያ ገና ትንሽ ነበር። ዉልዎርዝስ ግን በ2001 ከእናት ኩባንያው ሲለይ ብዙ ሕንፃዎቹ ተሸጠውበት የገዛ ቤቱ ተከራይ ሆኖ ነበር፤ ዕዳም አነቀው። ደበናምስም እንዲሁ፤ በ2005 ባለቤቶቹ 23 ሕንፃዎቹን ሸጠው መልሰው እንዲከራይ አደረጉት፤ በ2021 ጨርሶ ተዘጋ። ቢ ኤች ኤስ በ2015 በአንድ ፓውንድ ተሸጠ፤ በዓመቱ ወደቀ። ሠራተኞቹን ያሳሰባቸው ከሱቁ መዘጋት ባልተናነሰ የጡረታ ፈንዱ ጉድለት ነበር። ኢንተርኔት ሸክሙን አከበደ እንጂ ጉልበቱ ቀድሞ ተሸጦ አልቋል።

ኢንተርኔት ሁሉን ይጠቀልላል የሚባለውም ገና ነው። ከወረርሽኙ በፊት የችርቻሮ ሽያጩ አንድ አምስተኛ ያህል በኢንተርኔት ነበር፤ ሱቆች በተዘጉበት በጥር 2021 ከሲሶ በላይ ደረሰ፤ ሲከፈቱ ተመልሶ ሩብ ገደማ ላይ ረጋ።

«መኪና ማቆሚያ በነጻ ይሁን፣ ሁሉም ይስተካከላል»

ባለሱቆች በመኪና የሚመጣውን ደንበኛ አብዝተው ይገምታሉ። በ2006 በብሪስቶል ግሎስተር ሮድ ላይ በተደረገ ጥናት ባለሱቆቹ 41 ከመቶው ደንበኛ በመኪና ይመጣል አሉ፤ ደንበኞቹ ሲጠየቁ 22 ከመቶ ሆኖ ተገኘ። አብዛኛው በእግሩ ነበር። ነጻ ማቆሚያ ደግሞ ሰዓት ካልተገደበለት ጠዋት በገቡት በራሳቸው በሱቆቹ ሠራተኞች መኪና ይሞላል።

«ፀጉር ቤትና ጥፍር ቤት ከበዛ ጎዳናው ሞቷል»

ይህ የንቀት አስተያየት ነው። ፀጉር በፖስታ አይቆረጥም። ዛሬ ጎዳናው ላይ ጸንተው የቆዩት ሰው በአካል መገኘት ያለባቸው አገልግሎቶች ናቸው። እርግጥ በ2025 የእንግሊዝ ፖሊሶች የወንጀል ገንዘብ ያጥባሉ ብለው የጠረጠሯቸውን በርካታ ፀጉር ቤቶች በዘመቻ ፈትሸዋል፤ በዚህ ሰበብ ግን ከማለዳ እስከ ማታ ቆሞ የሚሠራውን ሁሉ መጠርጠር አይገባም። ይልቅ ሊያስጨንቅ የሚገባው የባንኩ መሄድ ነው። ከ2015 ወዲህ ከ6,000 በላይ የባንክ ቅርንጫፎች ተዘግተዋል። ባንክ ሲሄድ የዕለት ገቢውን የሚያስገባው ነጋዴና ጡረታውን የሚያወጣው አዛውንት አብረው ይሄዳሉ።

«መፍትሔው የድሮውን ጎዳና መመለስ ነው»

በ2011 የችርቻሮ አማካሪዋ ሜሪ ፖርታስ ለመንግሥት 28 ምክሮችን የያዘ ሪፖርት አቀረቡ፤ በ27 ከተሞችም ሙከራ ተጀመረ። ዝግጅት፣ ቀለምና የገበያ ቀን አልጠፋም፤ ባዶ ሱቅ ግን በብዙዎቹ ዘንድ አልቀነሰም፤ ኪራይና ግብር ባሉበት ነበሩና። በ2013 የችርቻሮ ኩባንያዎች ሥራ አስኪያጅ የነበሩት ቢል ግሪምሲ ሌላ ነገር ተናገሩ፦ ሱቁ በዚያ ቁጥር አይመለስም፤ መሃል ከተማ ክሊኒክ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ መኖሪያና መዝናኛ የተቀላቀሉበት ይሁን።

ስቶክተን ኦን ቲስ ይህን በድፍረት ሠራው። ካውንስሉ ካስልጌት የተባለውን የገበያ ማዕከል ገዝቶ አፈረሰና በቦታው ከተማውን ከወንዙ ጋር የሚያገናኝ መናፈሻ እንዲሠራ ወሰነ፤ የቀሩትን ሱቆችም ወደ አንድ አካባቢ ሰበሰበ። አልትሪንካም ደግሞ በአገሪቱ ባዶ ሱቅ ከበዛባቸው ከተሞች አንዷ ሆና ሳለ፣ ከ2014 ጀምሮ አሮጌው የገበያ አዳራሿ ሰው በረጃጅም የጋራ ጠረጴዛዎች ተቀምጦ የሚመገብበት ቦታ ሆነና ዙሪያዋ አብሮ ነቃ። ግን አልትሪንካም የማንቸስተር ባለገንዘቦች ጎረቤት ናት፤ ያንን አዳራሽ ገልብጦ ድሃ ከተማ ላይ መትከል ያንኑ ውጤት አያመጣም።

ከመስከረም 2020 ወዲህ በእንግሊዝ ሱቅን ወደ ካፌ፣ ወደ ክሊኒክ ወይም ወደ ጂም ለመለወጥ የዕቅድ ፈቃድ አያስፈልግም። ይህ መልካም ነው። በ2021 የተጨመረው ደግሞ ሱቅን በቀላል አሠራር ወደ መኖሪያ ቤት መለወጥን የሚፈቅድ ነበር፤ በመጋቢት 2024 የስፋት ገደቡና ቤቱ አስቀድሞ ለ3 ወር ባዶ ይቆይ የሚለው ግዴታ ተነሡለት። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ካፌ የሆነ ሱቅ ነገ ተመልሶ ሱቅ መሆን ይችላል፤ ተከፋፍሎ ለግለሰቦች የተሸጠ ቤት ግን አይመለስም። ለዚህም ነው አንዳንድ ካውንስሎች አንቀጽ 4 የሚባለውን ሥልጣን ተጠቅመው በተመረጡ ጎዳናዎች ላይ ይህን መብት ያነሡት፤ ሰው ከፎቅ ላይ ይኑር፣ ምድር ቤቱ ግን ለሥራ ይቆይ ብለው።