ያገገመ ቦረቦርና መሬት አልባ ወጣቶች በጣና ዙሪያ

በአማራ ክልል የመጨረሻው ሰፊ የመሬት ሽግሽግ የተካሄደው በ1989 ዓ.ም. ነው። ያኔ ልጅ የነበረ ወይም ከዚያ ወዲህ የተወለደ የገበሬ ልጅ ተስፋው የወላጆቹ ማሳ ብቻ ነው፤ እሱም ለወንድምና ለእህት ሲከፋፈል በሬ አያዞርም። መሬት ስለማይሸጥ ገዝቶ መግባትም የለም። በባሕር ዳር ዙሪያ፣ በሜጫና በደራ ወረዳዎች ጎርፍ የቦረቦረውን ወይም ከብት የጋጠውን የወል መሬት ከልሎ አልምቶ ለተደራጁ ወጣቶች መስጠት የተለመደው ለዚህ ነው።

ሥራው በችግኝ አይጀመርም። መጀመሪያ የቀበሌው ሕዝብ ተሰብስቦ በወሰኑ ይስማማል፤ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፤ የመሬት አስተዳደር ኮሚቴው ይለካል፤ ወጣቶቹም በማኅበራቸው ስም የይዞታ ማረጋገጫ ይቀበላሉ። ብዙ ማኅበር የሚፈርሰው ይህ ቅደም ተከተል ሲገለበጥ ነው። መሬቱ ገደል ሳለ የሚፈልገው የለም፤ ሣሩ ወገብ ሲደርስ ግን «የከብታችን መዋያ ነበር» የሚል ይነሳል፤ ማስረጃ የሌለው ወጣትም ባዶ እጁን ይቀራል።

ቦረቦር፣ ማለትም ጎርፍ ቆርጦ የፈጠረውን ገደል፣ ማዳን ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ከባሕር ዳር በአዴት መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ እንዳለው ደብረ ማዊ ባለ የዋልካ (ጥቁር ሸክላ) አፈር፣ ክትር፣ ማለትም ቦረቦሩን አቋርጦ የጎርፉን ፍጥነት የሚቀንስ ትንሽ ግድብ፣ ብቻውን አይበቃም። በክረምት የከርሰ ምድር ውሃ ከቦረቦሩ ወለል በላይ ሲነሳ ግድግዳው ከውስጥ ርሶ ይናዳል። ስለዚህ ከላይ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈራል፤ ውሃው የሚወድቅበት የቦረቦሩ ራስ በድንጋይ ይያዛል፤ ግድግዳው 45 ዲግሪ ገደማ እስኪሆን ይዳፋል። ክትሩ መሃሉ ዝቅ ይላል፤ ጫፎቹ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ወደ ግድግዳው ይገባሉ፤ አለዚያ ጎርፍ በጎን ዞሮ ያፈርሰዋል። የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው እግር ጋር እኩል ከፍታ ላይ መዋል አለበት።

ሐምሌ ላይ የተዳፋው ግድግዳ በደሾና በዝሆኔ ሣር ይሸፈናል። የዝሆኔ ሣር ሦስት አንጓ ያለው ቁራጭ፣ ሁለቱ አንጓ ተቀብሮ ጋደም ብሎ ይተከላል፤ በመስመሮች መካከል 1 ሜትር፣ በተክሎች መካከል ግማሽ ሜትር ይተዋል። ከብት አንድ ጊዜ ከገባ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ሣሩ እየታጨደ ይወሰዳል እንጂ አይጋጥም።

ገቢው መጀመሪያ ከሣር ሽያጭ፣ ቀጥሎ ከማድለብ ይመጣል። የዋሸራ ዝርያ በግ በ3 ወር ይደልባል፤ ግዥውን ለፋሲካ፣ ለእንቁጣጣሽና ለገና ገበያ አስልቶ ማዋል ትርፉን ይወስነዋል። በጠባብ መሬት ላይ ብዙ አባል ማጨቅ ግን የእያንዳንዱን ድርሻ ያሳንሰዋል፤ አባላቱም ለቀን ሥራ ወደ ከተማ ይበተናሉ።

ማር የሚቆረጠው ከአደይ አበባ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር ነው። ቀፎ ከመግዛት በፊት የአካባቢውን ማሳ ማየት ይገባል፤ በጫትና በአትክልት ላይ የሚረጭ ኬሚካል ንቡን ይጨርሰዋል፤ የሚረጩ ጎረቤቶች ቀድመው እንዲያሳውቁና ቀፎው በሚረጩበት ቀን እንዲዘጋ በመተዳደሪያ ደንቡ መስማማት ይቻላል።