የሸራ ጀልባ ውድድር፦ ምልክት ሲዞር ቅድሚያ የማን ነው?

የሸራ ጀልባ ውድድር በነፋስ ኃይል ብቻ የሚሄዱ ጀልባዎች ውኃ ላይ የተጣሉ ተንሳፋፊ ምልክቶችን በታዘዘው ተራና በታዘዘው ጎን እየዞሩ የሚሽቀዳደሙበት ስፖርት ነው። ጀልባዎቹ ሰፊው ውኃ ላይ ተበታትነው ይቆዩና ምልክቱ ጋ ሲደርሱ ይታፈናሉ፤ ጭቅጭቁም በብዛት የሚነሣው እዚያ ነው። ይህ ዳሰሳ የተሰናዳው ደንቡን በአማርኛ የሚያስረዳ ጽሑፍ እምብዛም ስለማይገኝ ነው። ደግሞም ጎጃም ጣናን የመሰለ ውኃ ይዞ ከዚህ ስፖርት መራቅ አይገባውም።

ጣና ርዝመቱ 84 ኪሎ ሜትር፣ ስፋቱ እስከ 66 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። የባሕር ዳርና የዘጌ ታንኳ በመቅዘፊያና በዘንግ እንጂ በሸራ አይሄድም። የጣና ደንገል ግን ሸራ ተሸክሞ ውቅያኖስ ላይ ወጥቷል፦ ኖርዌጂያዊው አሳሽ ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 ከሞሮኮ ሳፊ ወደብ ያስነሣት «ራ» የተሰኘች ጀልባ ከጣና በተቆረጠ ደንገል የታሰረች ነበረች። ይህ ለአካባቢው ትንሽ ክብር አይደለም።

ቀደም ባለው ጊዜ አገሮች በየራሳቸው ደንብ ይወዳደሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1907 ፓሪስ ላይ ዓለም አቀፍ ማኅበር ተቋቋመ፤ ከ2015 ጀምሮ ወርልድ ሴሊንግ ይባላል። ደንቡ በየአራት ዓመቱ ይታደሳል፤ አሁን የሚሠራበት ከጃንዋሪ 2025 እስከ 2028 መጨረሻ ይጸናል።

ሁለት ጀልባዎች ሲገናኙ መጀመሪያ የሚታየው ነፋሱ በየትኛው ጎናቸው እንደሚመታቸው ነው። ነፋስ በግራ ጎኗ የሚመታት፣ በቀኝ ጎኗ ለሚመታት መንገድ ትለቃለች። ለምን ቀኝ እንደተመረጠ የተለያየ ይነገራል። ሁለቱንም ነፋሱ በአንድ ጎን የሚመታቸውና ጎን ለጎን ያሉ ከሆነ፣ በነፋሱ መምጫ በኩል ያለችው ለሌላዋ ትለቃለች። ጎን ለጎን ካልሆኑ የኋለኛዋ ለፊተኛዋ ትለቃለች። አፍንጫዋን በነፋሱ አሳልፋ አቅጣጫ በመቀየር ላይ ያለችው ደግሞ አዲሱን መስመሯን እስክትይዝ ድረስ ለሌሎቹ ትለቃለች። እነዚህ ከደንብ 10 እስከ 13 ያሉት ናቸው። ባለ ቅድሚያዋም ብትሆን ግን ግጭትን የመሸሽ ግዴታ አለባት።

ምልክቱ ዙሪያ ደንብ 18 ይጨመራል። ምልክቱን ከቦ ያለው ቀጠና ከምልክቱ በየአቅጣጫው የሚዘረጋው ለምልክቱ የቀረበችውን ጀልባ ርዝመት 3 እጥፍ ነው። ለምሳሌ ርዝመቷ 4.23 ሜትር ለሆነችው ኢልካ ለተባለች የአንድ ሰው ጀልባ (ቀድሞ ሌዘር ትባል ለነበረችው) ወደ 12.7 ሜትር ይሆናል። እስከ 2008 እ.ኤ.አ. ድረስ ቀጠናው 2 እጥፍ ነበር፤ በ2009 ሰፋ። ማስፋቱ ትክክል ነበር፤ ለማሰቢያ ጊዜ ይሰጣል። በአንድ ለአንድ ግጥሚያ እስከ ዛሬ 2 እጥፍ ነው።

ዋናው ነገር ጉዳዩ የሚወሰነው ምልክቱ ሥር ሳይሆን ቀጠናው ጠርዝ ላይ መሆኑ ነው። ከሁለቱ አንዷ ቀጠናውን በነካች ቅጽበት ጎን ለጎን ከነበሩ የውጪዋ (ከምልክቱ የራቀችው) ለውስጧ (ለምልክቱ ለቀረበችው) ቦታ ትሰጣለች፤ በኋላ ቢለያዩም ግዴታው አይቀርም። አንዷ ጥርት ብላ ቀድማ ከሆነ የኋለኛዋ ቦታ ትሰጣታለች፤ ከዚያ ወዲያ ፈጥና ደርሳ በውስጥ በኩል አፍንጫዋን ብታስገባም መብት አታገኝም። ጎን ለጎን መሆናቸው በጊዜው ስለመጀመሩ ወይም ስለመቋረጡ ተገቢ ጥርጣሬ ከተነሣ እንዳልተጀመረ፣ ወይም እንዳልተቋረጠ ይቆጠራል።

ብዙ ጀማሪ የሚስተው ቦታና ቅድሚያ የተለያዩ መሆናቸውን ነው። ቦታ ማለት ጎበዝ ባሕረተኛ ወደ ምልክቱ ለመሄድ፣ ለመዞርና ምልክቱን ከኋላው ለመተው በጊዜው ባለው ሁኔታ የሚያስፈልገው ስፍራ ብቻ ነው። ከዚያ አልፎ ሰፊ ዙር መውሰድ የሚቻለው ቅድሚያውም የራስ ሲሆን ነው። «በጊዜው ባለው ሁኔታ» የሚለው ለጣና ትልቅ ነገር ነው፦ ማለዳ ረግቶ የነበረው ውኃ ከሰዓት በኋላ ማዕበል ያነሣል፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ደግሞ ወራጅ አለ፤ የቦታው ልክ ከእነዚህ ጋር ይሰፋል።

ነፋሱን እየተጋፉ ወደ ላይኛው ምልክት ሲወጡ፣ ነፋስ የሚመታቸው ጎን የተለያየ ከሆነ ደንብ 18 በመካከላቸው አይሠራም፤ የግራና ቀኙ ደንብ ይገዛል።

ከዘጌ እንጨት ጭኖ ወደ ባሕር ዳር የሚቀዝፍ ታንኳ ቢያጋጥም የውድድሩ ደንብ እርሱን አይመለከትም፤ ተወዳዳሪው በ1972 እ.ኤ.አ. የወጣውን ዓለም አቀፍ የግጭት መከላከያ ደንብ ወይም የአገሩን ደንብ ያከብራል። የእንጀራ ሥራ ላይ ላለ ታንኳ መልቀቅ በየትኛውም ደንብ ቢሆን ተገቢ ነው። የእንቦጭ ክምርንም አዘጋጆቹ በውድድሩ መመሪያ እንቅፋት ብለው ሊሰይሙት ይችላሉ፤ ያኔ ጎን ለጎን የሚያልፉ ጀልባዎች የውጪዋ ለውስጧ የማለፊያ ቦታ ትሰጣለች።

ምልክቱን የነካች ጀልባ ወዲያው ከሌሎቹ ርቃ አንድ ሙሉ ዙር ትዞራለች፤ የመተላለፊያ ደንብ የጣሰች ሁለት። በአብዛኛው ውድድር ውኃው ላይ ፊሽካ የሚነፋ ዳኛ የለም፤ ጥፋተኛው ራሱ አምኖ ይዞራል። ካላመነ ተበዳዩ ወዲያው «ፕሮቴስት» (ተቃውሞ) ብሎ ይጮኻል፣ ጀልባው 6 ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ቀይ ባንዲራም ያሳያል፤ ከዚያ ኮሚቴ ሁለቱን ወገንና ምስክሮችን ሰምቶ ይወስናል።