«የማረፊያ ሳምንት» ሲባል ምን ማለት ነው?

እሑድ እሑድ ብስክሌት ሲነዳ የኖረ ሰው የወራት ልምምድ ሲጀምር ግራ ከሚያጋቡት ነገሮች አንዱ «የማረፊያ ሳምንት» ነው። ብዙዎች ብስክሌቱን አቁሞ መቀመጥ ይመስላቸዋል። አይደለም። የተለመደው አካሄድ ሦስት ሳምንት ቀስ በቀስ መጨመር፣ በአራተኛው መቀነስ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት በድምሩ 5 ሰዓት፣ ቀጥሎ 5 ሰዓት ተኩል፣ ከዚያ 6 ሰዓት ከነዳችሁ፣ በአራተኛው ወደ 3 ሰዓት ተኩል ትወርዳላችሁ። የምትነዱባቸው ቀናት እንዳሉ ይቆዩ፤ የሚያጥረው ርቀቱ ነው። ዳገትም ለጊዜው ይቅር።

ይህ ስንፍና አይደለም፤ እግር የሚጠነክረው ዳገቱን ስትወጡ ሳይሆን በኋላ፣ ሰውነት የተጎዳውን ጡንቻ ሲጠግን ነው። ዕድሜው ገፋ ላለ ሰው በየሦስተኛው ሳምንት መቀነስ ይሻላል ባይ ነኝ። የቤታችሁን ደረጃ ስትወጡ ጭናችሁ እንደ ድንጋይ ከከበደ ግን አራተኛውን ሳምንት አትጠብቁ።