አውጪና ተቀባይ፦ ስለ ሕዝብ ዘፈን መድረኮች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከዓመታት በፊት በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ በምትገኝ አንዲት ትንሽ ከተማ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሥር ባለ አዳራሽ ውስጥ አንድ ምሽት አሳለፍኩ። በሩ ላይ አንዲት አረጋዊት እናት ጠረጴዛ ይዘው ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው አንድ ወረቀትና አንድ ቅርጫት አለ። መዝፈን የሚፈልግ ሁሉ ወረቀቱ ላይ ስሙን ይጽፋል፣ ሁለት ዘፈን ይፈቀድለታል። ቅርጫቱ ውስጥ ደግሞ ሁሉም የተቻለውን ይጥላል፤ ገንዘቡ በከተማዋ ለተቸገሩ ቤተሰቦች እህል መግዣ ነበር። የመጀመሪያው ዘፋኝ ድምፁ ይንቀጠቀጣል፣ ባንጆውም ቅኝቱን ስቷል። አዝማቹ ላይ ሲደርስ ግን አዳራሹ በሙሉ ተቀበለው፣ ሰውዬውም ቀና አለ።

ይህን ለወዳጆቼ ስተርክ ሁለት ዓይነት መልስ ይገጥመኛል። አንዳንዱ «ዘፈን እንጀራ አይሆንም» ብሎ ይስቃል። ሌላው ደግሞ የአሜሪካ ጥቁሮች መብታቸውን ያገኙት በመዝሙር ብቻ ይመስል ዓይኑ እንባ ያቀርራል። እኔ እንደሚመስለኝ ሁለቱም የሚያዩት አውጪውን ብቻ ነው፤ ተቀባዩን ረስተውታል። በተደጋጋሚ የምሰማቸውን አባባሎች እየጠቀስኩ ልሞግት።

«ፎክ (የሕዝብ ዘፈን) ማለት አንዱ ጊታሩን ይዞ ሲዘፍን ሌላው ጸጥ ብሎ የሚያዳምጠው ሙዚቃ ነው»

ምስሉን ሁላችንም እናውቀዋለን፦ ጊታር፣ ከአፍ ፊት የተንጠለጠለ ሃርሞኒካ፣ ብቸኛ ወጣት፣ ጸጥ ያለ ታዳሚ። ይህ ከ1960ዎቹ የአልበም ሽፋኖች የቀረ ምስል ነው። (ከመጨረሻው ክፍል በስተቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መድረኩ ሲጀመር እንዲህ አልነበረም።

በ1941 ዘፋኞቹ ፒት ሲገር፣ ሊ ሄይስ፣ ዉዲ ገትሪና ጓደኞቻቸው «አልማናክ ሲንገርስ» በሚል ስም ኒውዮርክ ውስጥ ቤት ተከራይተው አብረው ይኖሩ ነበር። የሚዘፍኑት ለሠራተኛ ማኅበራት ስለሆነ ኪራዩ ይከብዳቸዋል። ስለዚህ ቤታቸውን ከፍተው፣ ከሚመጣው ሰው ጥቂት ሳንቲም እየተቀበሉ ይዘፍናሉ፤ እንግዳውም ያለውን ይዘፍናል። ይህን ስብሰባ «ሁትናኒ» አሉት። ቃሉን ሲገርና ገትሪ ይዘውት የመጡት ከሲያትል ነው፤ በዚያ የፖለቲካ ሰዎች ገንዘብ ለማሰባሰብ የሚያዘጋጁት ድግስ መጠሪያ ነበር። እንግዲህ ነገሩ የተወለደው ከኪራይ ዕዳ ነው።

ስላቁ ከ22 ዓመት በኋላ መጣ። በ1963 ኤቢሲ የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ «ሁትናኒ» የሚል ዝግጅት ሲጀምር፣ ቃሉን ያስፋፋውን ሲገርን አላቀርብም አለ። ሲገር በ1955 የኮንግረስ ኮሚቴ ስለ ፖለቲካ እምነቱ ሲጠይቀው አልመልስም በማለቱ ከመገናኛ ብዙኃን የተገለለ ሰው ነበር። ጆአን ባኤዝን ጨምሮ በርካታ ዘፋኞች «እሱ ከሌለ እኛም አንመጣም» በሚል ቀሩ። በእነዚያ የመገለል ዓመታት ሲገር በየትምህርት ቤቱ፣ በየኮሌጁ፣ በየልጆች ካምፑና በየቤተ ክርስቲያኑ ይዞር ነበር። ችሎታው ደግሞ ከመዝፈን ይልቅ ማዘፈን ላይ ነበር። የሚቀጥለውን ስንኝ ቀደም ብሎ በንግግር ይወረውራል፣ ግጥሙን የማያውቀው ሰው ሁሉ ይዘፍነዋል። ደቦ ላይ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

«ዊ ሻል ኦቨርካምን የደረሰው ፒት ሲገር ነው»

በብዛት የምሰማው ስሕተት ይህ ነው፤ እውነተኛው ታሪክ ደግሞ ከስሕተቱ በጣም የሚያምር ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ።

ብዙዎች የዚህን የጥቁሮች የመብት ትግል መዝሙር («እናሸንፋለን») ሥር የፊላዴልፊያው ጥቁር ሰባኪ ቻርልስ ቲንድሊ በ1901 እስካሳተሙት መንፈሳዊ መዝሙር ድረስ ይወስዱታል። በዚያ ውስጥ ተናጋሪው «እኔ» ነው፤ አንድ ነፍስ ከፈተናዋ ጋር የምትታገልበት። በ1945 በሳውዝ ካሮላይና፣ በቻርልስተን ከተማ የሲጋር ፋብሪካ ሠራተኞች ለወራት የዘለቀ አድማ መቱ፤ አብዛኞቹ ጥቁር ሴቶች ነበሩ። በክረምቱ ዝናብና ብርድ ከፋብሪካው ደጃፍ ቆመው ሲውሉ፣ ሉሲል ሲመንስ የተባለች ሠራተኛ መዝሙሩን በዝግታ እየጎተተች ታወጣው ነበር፣ ጓደኞቿም ይቀበሉ ነበር። እዚያ ነው «እኔ» የሚለው «እኛ» የሆነው።

ከአድማተኞቹ አንዳንዶቹ በ1946 ቴነሲ ውስጥ ወዳለው ሃይላንደር ትምህርት ቤት ለሥልጠና ሄዱ። ሃይላንደር በ1932 የተቋቋመ፣ ጥቁርና ነጭ አንድ ማዕድ ላይ እንዳይቀመጡ ሕግ በሚከለክልበት አካባቢ ሁለቱንም አብሮ የሚያስተምር የጎልማሶች ትምህርት ቤት ነበር። ጥቁሯ ሮዛ ፓርክስ አውቶቡስ ውስጥ ለነጭ ወንበር ለቅቄ አልነሣም ከማለቷ ከጥቂት ወራት በፊት፣ በ1955፣ ሠልጥናበታለች። የትምህርት ቤቱ የሙዚቃ ኃላፊ ዚልፊያ ሆርተን ዘፈኑን ከአድማተኞቹ ተቀበለች፣ በ1947 ለሲገር አስተማረችው። በእንግሊዝኛው «ዊል» የሚለው ቃል «ሻል» ተብሎ የተቀየረው በእሱ ዘመን ነው፤ ግን ለዋጩ እሱ ይሁን ወይም መምህርቷ ሴፕቲማ ክላርክ፣ ሲገር ራሱ እርግጠኛ አልነበረም። (በአማርኛ ሁለቱም «እናሸንፋለን» ናቸው፤ ልዩነቱ ያለው አፍ ሲከፈት በሚወጣው ድምፅ ላይ ነው፤ «ሻል» ለብዙ ሰው በአንድ ላይ ለመዝፈን ይመቻል።)

ሐምሌ 1959 ላይ ፖሊስ ሃይላንደርን ሌሊት ወረረው። መብራት ጠፋ። ፖሊሶቹ ክፍሎቹን በባትሪ እየበረበሩ ሳለ ጨለማው ውስጥ የተቀመጡት ሠልጣኞች ይህንኑ ዘፈን ጀመሩ። ከመካከላቸው አንዲት የአሥራዎቹ ዕድሜ ልጃገረድ፣ ከዚያ በፊት ያልነበረ ስንኝ አወጣች፦ አንፈራም። ሌሎቹ ተቀበሉ። ያ ስንኝ ዛሬም አለ። በሚያዝያ 1960 ዘፋኙ ጋይ ካራዋን በራሌ ከተማ ለተሰበሰቡት የተማሪዎች ንቅናቄ አባላት ዘፈኑን ሲያስተምር እነሱም እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደየከተማቸው ይዘውት ሄዱ።

የባለቤትነቱ ጉዳይስ? በ1960ዎቹ መጀመሪያ የቅጂ መብቱ በሲገር፣ በሆርተን፣ በካራዋንና በዘፋኙ ፍራንክ ሃሚልተን ስም ተመዘገበ። ሲገር ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ ነጋዴ ቀድሞ እንዳይወስደው ነው ይል ነበር። የሚገኘውም ገንዘብ በሃይላንደር ሥር ለደቡብ ጥቁሮች የባህል ሥራ የሚውል ፈንድ ውስጥ ይገባ ነበር። በ2018 ግን በፍርድ ቤት ክርክር ማብቂያ ዘፈኑ የማንም ያልሆነ፣ ማለትም የሁሉም የሆነ ንብረት ተብሎ ተለቀቀ። የሉሲል ሲመንስ ስም የቅጂ መብቱ መዝገብ ላይ አልሰፈረም ነበር። ይህ ነገር አሁንም ይከነክነኛል።

«ለውጡን ያመጣው ዘፈኑ ነው»

አልባኒን የማያውቅ ሰው እንዲህ ሊል ይችላል። አልባኒ በጆርጂያ ክፍለ ግዛት ያለች ከተማ ናት፤ በ1961 እና በ1962 እንደ እሷ የዘፈነ ከተማ አልነበረም። አብያተ ክርስቲያናቱ ሞልተው እስከ ደጅ ድረስ ይዘመር ነበር። በቆየ መንፈሳዊ መዝሙር መሃል የከተማዋን የፖሊስ አዛዥ የፕሪቸትን ስም አስገብተው «ፕሪቸት አይመልሰኝም» እያሉ ዘመሩ፤ ይህን የሰማ አዝማሪ ወገኖቼ ናቸው ባለ ነበር። ከሺህ የሚበልጥ ሰው ታሰረ፤ እስር ቤቱም ውስጥ ተዘፈነ። ሆኖም ማርቲን ሉተር ኪንግ በነሐሴ 1962 ከተማዋን ሲለቅ የዘር መድልዎው እንዳለ ነበር። ያን ሁሉ ዘፈን ይዛ አልባኒ በዚያ ዙር አላሸነፈችም።

ታዲያ ዘፈኑ ምን ሠራ? የፈራውን ሰው ከቤቱ አወጣ፣ የታሰረውን አጽናና፣ ገንዘብም አመጣ። ከዚያው ንቅናቄ ውስጥ በ1962 «ፍሪደም ሲንገርስ» የተባሉት አራት ወጣቶች ወጡ፤ ከመካከላቸው አንዷ በሰልፍ ምክንያት ከኮሌጅ የተባረረችው በርኒስ ጆንሰን ነበረች። አገሪቱን በመኪና እየዞሩ በየኮሌጁና በየቤተ ክርስቲያኑ እየዘፈኑ ለተማሪዎቹ ንቅናቄ ማንቀሳቀሻ አሰባሰቡ። የመኪና ነዳጅ፣ የዋስትና ገንዘብ፣ የስልክ ክፍያ፤ ዘፈን የሚከፍለው እንዲህ ያለውን ነው።

ሁለተኛው ምሳሌዬ ወንዝ ነው። ሃድሰን ወንዝ በፍሳሽና በፋብሪካ ኬሚካል በተበከለበት ዘመን ሲገርና ጎረቤቶቹ በየዳርቻው ሙዚቃ እያቀረቡ ባሰባሰቡት ገንዘብ «ክሊርዋተር» የተባለችውን 32 ሜትር ርዝመት ያላት ባለሸራ ጀልባ አሠሩ፤ በ1969 ውኃ ላይ ወረደች። ሰው ለዘፈን ይመጣል፣ ጀልባዋ ላይ ወጥቶ የሚዋኝበትን ውኃ በአጉሊ መነጽር ያያል፣ ከዚያ አቤቱታ ላይ ይፈርማል። መርዛማውን ደለል ከወንዙ ሥር የማውጣቱ ሥራ የተጀመረው በ2009 ነው። ከ40 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ዘፈን ያን ያህል ዘመን ሰውን አንድ ላይ ማቆየት ከቻለ ለእኔ ይበቃኛል፤ ወንዙን የጠረገው ግን ማሽን ነው።

«ታዋቂ ዘፋኝ ከሌለ ሰው አይመጣም»

በ1963 የኒውፖርት ፎክ ፌስቲቫል በአዲስ መልክ ሲቋቋም አዘጋጆቹ አንድ ደንብ አወጡ፦ ለእያንዳንዱ ተጫዋች፣ ዝነኛም ይሁን ማንም የማያውቀው፣ 50 ዶላርና የጉዞው ወጪ። በዚያ ዓመት ቦብ ዲለን በቆመበት መድረክ ላይ ከሚሲሲፒ ገጠር የመጣው ገበሬ ጆን ኸርትም ቆሟል። ሰው ኸርትን ሊያይ አልመጣ ይሆናል፤ ሰምቶት ግን አልረሳውም።

ትናንሾቹ ቤቶችም ያው ናቸው። ሳራቶጋ ስፕሪንግስ ከተማ ውስጥ ያለው ካፌ ሊና በ1960 ተከፍቶ እስካሁን ይሠራል፤ መሥራቿ ሊና ስፔንሰር በ1989 ካረፈች በኋላም ለትርፍ የማይሠራ ድርጅት ሆኖ ቀጠለ። (እነዚህን ቤቶች «ቡና ቤት» ብዬ እንዳልጠራቸው ቃሉ በእኛ ከተሞች ሌላ ነገር ያስታውሳል፤ እዚያ የሚጠጣው በእውነትም ቡና ነው።) ዲለን በ1961 ገና ሳይታወቅ እዚያ ሲዘፍን ታዳሚው ወሬውን ይዞ ነበር ይባላል። ቤቱን ያቆሙት ሳምንት ከሳምንት ተመላልሰው ወንበር የሚደረድሩት ሰዎች ናቸው።

«የሕዝብ ዘፈን ምንጊዜም ከተበደለ ጋር ይቆማል»

ቢሆን ጥሩ ነበር። በ1920ዎቹ የመኪና ከበርቴው ሄንሪ ፎርድ የገጠር ቫዮሊንና የጥንት ጭፈራ እንዲያንሰራራ ብዙ ገንዘብ አፍስሷል፤ ዓላማው ጃዝን ማስወገድ ነበር፣ ጋዜጣውም ጃዝን የአይሁዶች ተንኮል ነው ብሎ ይጽፍ ነበር። እኛም ሩቅ አንሂድ። በደርግ ዘመን በየቀበሌው፣ በየገበሬ ማኅበሩና በየጦር ክፍሉ የኪነት ቡድን ነበረ። ዜማው የሕዝብ፣ ልብሱ የሕዝብ፣ ግጥሙ የበላይ አካል። ከኪነት ብዙ ግሩም ሙዚቀኞች መውጣታቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን ማንም ተነሥቶ የራሱን ስንኝ ሊያወጣ የማይችልበት መድረክ ክፍት አይባልም።

«ክፍት መድረክ ለእኛ እንግዳ ነው»

አዝማሪ ያለው አገር እንዲህ ሲባል መስማት ይገርማል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ፣ የጣሊያን አገዛዝ በአዲስ አበባ ካደረሰው ጭፍጨፋ ቀጥሎ ማንን እንዳሳደደ እናስታውስ። እየዞሩ የሚያዜሙ ሰዎችን፣ ጠንቋዮችንና ባሕታውያንን። አገዛዙ ሊያበቃ ነው የሚል ወሬ ይነዛሉ ተብለው እንዲገደሉ ትእዛዝ ወጣ። ማሲንቆ ከመትረየስ ጋር አንድ ላይ ተፈራ።

ልዩነቱን መካድ አልፈልግም። አዝማሪ የሚኖረው በሽልማት ስለሆነ ግንባሩ ላይ ብር የለጠፈለትን ያወድሳል፤ እንደ ቅርጫቱ ገንዘቡን ለጎረቤት እህል አያውለውም። ሙያውንም እያጨበጨብንለት ስንንቀው ኖረናል፤ ዛሬም «አዝማሪ» ብሎ የሚሰድብ አለ። የቤቱ ሥርዓት ግን ከዚያ ከቤተ ክርስቲያን ሥር ካለው አዳራሽ አንድ እርምጃ ይቀድማል። ጥግ የተቀመጠው እንግዳ፣ ሲጠጣ ያመሸ ነጋዴም ይሁን የታክሲ ሾፌር፣ ብድግ ይልና «ተቀበል!» ይላል። ማሲንቆው ዝግ ይላል። ሰውየው ሁለት ስንኝ ይወረውራል፤ ሰሙ ስለ ፍቅር፣ ወርቁ ስለ ኑሮ ውድነት ወይም ስለ አንድ ባለሥልጣን ነው። አዝማሪው ፈገግ ብሎ ቃል ሳያጎድል ያዜመዋል። በዚያች ቅጽበት አውጪው እንግዳው ነው፣ ተቀባዩም አዝማሪው።